ቀን ሥራ፣ ማታ እስር ቤት፦ ስለ «ወርክ ሪሊስ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ሲታሰር ግራ የሚያጋባው ነገር ብዙ ነው። «ታስሯል፣ ግን ሥራ ይሄዳል» የሚለው ግን ለብዙ ሰው ጭራሽ አይዋጥለትም። «እንዴት ሆኖ?» ይላሉ። በአስተርጓሚነት ፍርድ ቤትና እስር ቤት ስመላለስ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት ቤት ይቁጠረው። ብዙ ጊዜ የሚነሡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ሕጉ ከስቴት ስቴት፣ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ስለዚህ የራሳችሁን ጉዳይ ጠበቃችሁን ወይም የታሰረበትን ቦታ ኬዝ ማኔጀር (የእስረኛውን ጉዳይ የሚከታተለውን ሠራተኛ) ጠይቁ።

ወርክ ሪሊስ በአጭሩ ምንድን ነው?

ፍርደኛው ቅጣቱን አልጨረሰም። ጠዋት ግን ከእስር ቤቱ ወጥቶ ሥራ ይገባል። ሬስቶራንት ሊሆን ይችላል፤ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ግንባታም ሊሆን ይችላል። የሚከፈለው አጠገቡ ያለው ሠራተኛ የሚከፈለውን ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሳል። ይፈተሻል፤ አንዳንዴም ሽንቱን ለምርመራ ይሰጣል። ከዚያ ይተኛል። በነጋታው እንደገና ይወጣል።

እስር ቤት ውስጥ ከሚሠራ ሥራ ጋር አታምታቱት። ግቢው ውስጥ ድስት የሚያጥበው ወይም ልብስ የሚያጥፈው እስረኛ በሰዓት የሚያገኘው ሳንቲሞች ነው። ምንም የማይከፍሉ ስቴቶችም አሉ።

አንድ ልጅ አውቃለሁ። ሬስቶራንት ጓዳ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። አብረውት የሚሠሩት እስረኛ መሆኑን ለወራት አላወቁም። ያሳበቀበት ምሳ ዕቃው ነው። ሁልጊዜ ውስጡ ወለል አድርጎ የሚያሳይ የላስቲክ ቦርሳ ይይዛል። የታሰረበት ቦታ ከዚያ ሌላ ቦርሳ አያስገባም ነበር።

ከፓሮልና ከፕሮቤሽን በምን ይለያል? ሃፍዌይ ሃውስስ?

ፕሮቤሽን ማለት ሰውዬው ቤቱ እያደረ ክትትል ሲደረግበት ነው። ፓሮል የእኛን አመክሮ ይመስላል፤ ከቅጣቱ የተወሰነውን ታስሮ፣ ቀሪውን ውጭ ሆኖ ይጨርሳል። ወርክ ሪሊስ ላይ ያለ ሰው ግን አልተፈታም። እስረኛ ነው። የሥራ ሰዓቱ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ይህቺን ልዩነት ያልተረዳ ቤተሰብ ልጁን ጣጣ ውስጥ ይከተዋል። እመለስበታለሁ።

ሃፍዌይ ሃውስ ከእስር ቤት ወደ ውጭ ኑሮ መሸጋገሪያ ማደሪያ ነው፤ በፌዴራል እስረኞች ዘንድ ይዘወተራል። የፌዴራል ፍርደኛ ቅጣቱ ሲገባደድ እስከ 12 ወር ድረስ እዚያ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን የፈቀደው የ2008ቱ ሕግ ነው። እዚያም ሥራ ፈልጎ መግባት ግዴታ ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ይህን ነገር ማን ጀመረው?

ዊስኮንሲን። እ.ኤ.አ. በ1913። ሄንሪ ሂውበር የሚባል የስቴቱ ሴናተር ያመጣው ሕግ ነው። እዚያ አሁንም «ወርክ ሪሊስ» ከማለት «ሂውበር» ማለት ይቀናቸዋል። «ሂውበር ተፈቀደለት» ይላሉ። ሰውዬው ኋላ የስቴቱ ምክትል ገዢ ሆኗል።

ሐሳቡ የገበሬ ሐሳብ ነው። አባወራው በትንሽ ጥፋት ካውንቲ ጀይል (አጭር ቅጣት የሚፈጸምበት የአካባቢ እስር ቤት) ሲገባ ሁለት ኪሳራ ይመጣል። እሱን ካውንቲው ይቀልበዋል። ልጆቹን ደግሞ የሚያበላቸው ይጠፋል። ታዲያ ቀን ይሥራ፣ ቤተሰቡን ያብላ፣ ለራሱም ቀለብ ይክፈል፣ ማታ ይግባ ተባለ።

ከዚያ ሕግ የምወድለት አንድ አንቀጽ አለ። መውጫ የሚፈቀደው ለደመወዝ ሥራ ብቻ አይደለም። ቤትን ማስተዳደርና የቤተሰብን ጉዳይ መከታተልም እንደ ሥራ ይቆጠራል። ማለትም ልጆቿን ለመንከባከብ ቀን ወጥታ ማታ የምትገባ እናት ሕጉ ያውቃታል። ልጅ ማሳደግ ሥራ ነው ተብሎ እስር ቤት ሕግ ውስጥ ተጽፎ ማየት ደስ ይላል።

ከካውንቲ ጀይል አልፎ ረዘም ያለ ቅጣት የሚፈጸምበት የስቴት ፕሪዝን ውስጥ ላሉት በመፍቀድ ኖርዝ ካሮላይና በ1957 ቀደመች። የፌዴራሉ መንግሥት የተከተለው በ1965 ነው፤ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው።

ሜሪላንድ ለምትኖሩ፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሮክቪል ላይ ያለው ቅድመ መፈቻ ማዕከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ በመላ አገሪቱ ስሙ ይነሣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ መሸጫዎች ብዙም አይርቅም። ስንቶቻችሁ በአጠገቡ እንዳለፋችሁ አላውቅም፤ እስር ቤት አይመስልም።

የሚፈቀደው ለማን ነው?

በጥቅሉ የቀረው ጊዜ አጭር ለሆነ፣ አነስተኛ ጥበቃ ለሚመደብለት፣ ማምለጥ ላልሞከረና ግቢ ውስጥ ጠብ ለሌለበት ሰው ነው። በወሲብ ወንጀልና በከባድ ጥቃት የተፈረደባቸው አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ።

ካውንቲ ጀይል ለሚገባ ሰው ግን ዋናው ቀን ቅጣት የሚወሰንበት ቀን ነው። በብዙ ቦታ ዳኛው እዚያው ችሎት ላይ ሊፈቅድ ይችላል። ጠበቃው ካልጠየቀ ግን ማን ያነሣዋል? «ዳኛው ያውቃል» ብለው ዝም ያሉ ሰዎች ሥራቸውን አጥተዋል። ልጁ ሥራ ካለው ከቀጣሪው ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ። ደብዳቤው አድራሻውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ደመወዙንና የአለቃውን ስልክ ይያዝ። «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ብቻውን ውኃ አያነሣም።

ግሪን ካርድ ነው ያለው። ያስቸግራል?

አዎ፣ ሊያስቸግር ይችላል። ኢሚግሬሽን «ሲጨርስ ለእኛ አስረክቡት» የሚል ማዘዣ የላከበት እስረኛ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ሥራ አይለቀቅም። ያመልጣል ተብሎ ይፈራል።

ከዚያም በፊት የሚመጣ ነገር አለ። በ1996 በጠነከረው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት በስርቆት ወይም በጥቃት ወንጀል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ቅጣቱ ቢገደብም ይቆጠራል። አንድም ቀን ባይታሰር እንኳ። ስለዚህ «ወርክ ሪሊስ ከሰጡህ አንድ ዓመቱን ተቀበል» የሚል ምክር ለዜጋ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን ገደል ነው። 364 ቀንና 365 ቀን ለእሱ አንድ አይደሉም። ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ሥራው ከቤታችን ሦስት መንገድ ነው። ሲመለስ ጎራ ቢልስ?

አይሆንም። አምስት ደቂቃም ቢሆን። ክርስትና ቢሆን፣ ልደት ቢሆን፣ እናት ብትታመም ፈቃድ ሳይጠየቅ አይሆንም። የሥራ ቦታው፣ የሚሄድበት መንገድና የሚመለስበት ሰዓት ተጽፎ የተያዘ ነው። ከዚያ መውጣት በብዙ ስቴቶች ከእስር እንደማምለጥ ይቆጠራል። አጥር ዘልሎ እንደጠፋ ሰው ማለት ነው። ሁለት ወር ቀርቶት የነበረ ሰው በዚህ ምክንያት አዲስ ክስ ሊገጥመው ይችላል።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን ቀየር አድርጌዋለሁ። አንዲት እናት ነበሩ። በወጣትነታቸው አገር ቤት ለታሰረ ወንድማቸው ስንቅ ያመላልሱ ነበር። እስር ማለት ለእሳቸው ስንቅ ማለት ነው። እዚህ ልጃቸው ታሰረና ወርክ ሪሊስ ተፈቀደለት። እሳቸውም እንጀራውን ጠቅልለው፣ ሽሮውን በጣሳ ይዘው መጋዘኑ ፓርኪንግ ላይ ጠበቁት። አቀፉት፤ አለቀሱ። እንዲበላ ቆመው አዩት። የሆነ ሰው ደግሞ እሳቸውን አየ። ቦታው የሥራ ቦታ ጉብኝት ይከለክል ስለነበር ልጁ ለሦስት ሳምንት እንዳይወጣ ተደረገ። እኔ ኃላፊውን እያስተረጎምኩ እሳቸው «ጥፋቴ ማብላቴ ነው?» አሉኝ። ተረጎምኩት። ኃላፊውም የሚመልሰው ጠፋው። ደንቡ ግን አልተቀየረም።

አውቶቡስ ቢዘገይ፣ አለቃው «ትንሽ ቆይ» ቢለው፣ መኪና ቢበላሽ መጀመሪያ የሚደረገው ለእስር ቤቱ መደወል ነው። ቀጥሎ ወረቀት መያዝ። ከሁሉም ነገር በላይ ሰዓት ነው።

ደመወዙ ታዲያ የት ይገባል? «እየሠራ ነው አይደል? ለምን አይልክም?» ይሉናል።

ይህ ጥያቄ ቤተሰብ ሲያጣላ አይቻለሁ። ዘመድ አገር ቤት ሆኖ «ሥራ ጀምሯል» የሚለውን ብቻ ይሰማል። ቼኩ ግን እሱ እጅ አይገባም። በብዙ ቦታ እስር ቤቱ ወደያዘለት ሒሳብ ይሄዳል። ከዚያ ላይ ተቀናንሶ ነው የሚደርሰው።

እስቲ እናስላው። በሰዓት 15 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 600 ዶላር ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 45.90 ይቆረጣል። ቀጥሎ እስር ቤቱ የራሱን ይወስዳል። የፌዴራል ሃፍዌይ ሃውስ የሚታወቀው ሳይቆረጥ ካለው ደመወዝ 25 በመቶ በመውሰድ ነው፤ ይህ 150 ዶላር ይሆናል። አላባማ 40 በመቶ ትወስዳለች፤ 240 ዶላር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ለመጓጓዣ በቀን 5 ዶላር፣ ለልብስ ማጠቢያ በወር 15 ዶላር ታስከፍላለች። አምስት ቀን የሄደ ሰው ሳምንቱን የሚዘጋው ከ290 ዶላር በታች ይዞ ነው። የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም። የልጅ ማሳደጊያ፣ የፍርድ ቤት መቀጮና ለተበዳይ የሚከፈል ካሳ ካለበት ደግሞ ወረፋ ይዘው ይጠብቁታል።

ዊስኮንሲን ወረፋውን በሕግ ደርድራዋለች። መጀመሪያ የእስረኛው ቀለብ፣ ከዚያ መጓጓዣው፣ ከዚያ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች፣ ከዚያ ዕዳው፣ የተረፈው ሲፈታ ለራሱ። ልብ ብላችሁ እዩት። ሕጉ ሲወለድ ሰበቡ ልጆቹ ነበሩ። ወረፋው ላይ ሦስተኛ ናቸው።

ቀለብ መክፈሉን አልቃወምም። ሆቴልም ብትተኛ ትከፍላለህ። ግን ግማሽ ያህሉ የሚወሰድበት ሰው ሲወጣ የቤት ኪራይ ተቀማጭ እንኳ አይኖረውም። ታዲያ ምን ሠራ ማለት ነው? በየወሩ የሒሳብ ወረቀቱን ጠይቁ። የክፍያ ደረሰኙን ከሒሳቡ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ጊዜ አለ። ያልጠየቀ አይመለስለትም።

ታክስ ያስገባል? ተመላሽስ?

ያስገባል። ቀጣሪው እንደማንኛውም ሠራተኛ ደብልዩ-ቱ (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር የሚያሳየውን ወረቀት) ይልክለታል። አንድ ወጥመድ አለ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው ያ ብዙዎቻችን በጉጉት የምንጠብቀው የታክስ ድጎማ (EITC) እስረኛ ሆኖ ያገኘውን ገቢ አይቆጥርም። ወርክ ሪሊስ ላይም ሆነ ሃፍዌይ ሃውስ ሆኖ ያገኘው ከሒሳቡ ይወጣል። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ይህን ካላወቀ ገንዘቡ ይመጣል፤ ቆይቶ «መልሱ» የሚል ደብዳቤ ይከተለዋል።

ይህ ባርነት አይደለም እንዴ?

ጥያቄው የጋለ ሰው ጥያቄ ቢመስልም ሥር አለው። ባርነትን የሻረው የ1865ቱ 13ኛ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ «ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ቀዳዳ ትቷል። የደቡብ ስቴቶች በዚያ ቀዳዳ ገቡ። ነፃ የወጡ ጥቁሮችን በጥቃቅን ምክንያት እያሰሩ ለማዕድን ማውጫና ለእርሻ አከራዩአቸው። አላባማ ይህን ያቆመችው በ1928 ነው፤ ከሁሉም በኋላ።

የአላባማ መራጮች በ2022 ያንን ቀዳዳ ከስቴታቸው ሕገ መንግሥት አወጡት። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ እስረኞች ስቴቱን ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ቀን ቀን ፈጣን ምግብ ቤት ቆሞ ሕዝብ እንዲያስተናግድ የሚታመን ሰው ለምንድን ነው ፓሮል ሲጠይቅ «አደገኛ ነህ» የሚባለው? በ2023 በጀት ዓመት ስቴቱ ፓሮል የፈቀደው ከመቶ አመልካች ለ8 ያህሉ ነበር። ከደመወዙ 40 በመቶ የሚወስደው አካልና የሚያስረው አካል አንድ ሲሆን ሰውዬውን የመልቀቅ ጉጉት ከየት ይመጣል?

እኔ ወርክ ሪሊስንና ባርነትን አንድ ነው አልልም። የማውቃቸው ፍርደኞች ሥራውን ለምነው ነው የሚገቡት፤ ከግቢው አየር ይሻላል። ግን እምቢ ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ሲል የቃሉ ክብደት ቀላል ነው። እምቢ በማለቱ ወደ ባሰ እስር ቤት የሚላክ ከሆነ ያ ፈቃድ አይባልም።

ሀብታም ሲሆንስ?

ጄፍሪ ኤፕስቲን፣ በወሲብ ወንጀል የተፈረደበት ባለሀብት። ፍሎሪዳ፣ ፓልም ቢች ካውንቲ፣ 2008። 18 ወር ተፈርዶበት 13 ወር ያህል ቆየ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በቀን እስከ 12 ሰዓታት፣ በሳምንት 6 ቀን ወጥቶ ቢሮ ይውል ነበር። ከላይ ያልኳቸውን እናት አስቡና ይህን አስቡ።

ቀጣሪ ነኝ። አንዱን ብወስድ ምን ይጠበቅብኛል?

እንደ ሌላው ሠራተኛ መክፈል፤ ሰዓቱን ማክበር፤ ከመጣም ካልመጣም ማሳወቅ። ኃላፊዎቹ ሳይነግሩህ ሊመጡ ይችላሉ። ኦቨርታይም ስትፈልግ አስቀድመህ አስፈቅድ፤ ምሽት ላይ «ዛሬ ሰው ቀርቶብኛል» ማለት እሱን ያስቀጣዋል።

ብዙ ቦታዎች የገዛ ዘመድ እንዲቀጥረው አይፈቅዱም። መጠጥ ቤትም እንዲሁ። ታክሲና ኡበር አይታሰብም፤ በየሰዓቱ የት እንዳለ ማወቅ አለባቸውና። ስርቆት ከፈራህ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ከ1966 ጀምሮ ያለ የዋስትና ፕሮግራም አለው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በነፃ ይሸፍናል፤ መነሻው 5,000 ዶላር ነው።

ግን ይጠቅማል? ወንጀልስ አያበዛም?

ሰው የሚፈራው በ1988 ምርጫ ጊዜ የሰማውን ዓይነት ታሪክ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በአጭር ፈቃድ ወጥቶ የቀረ እስረኛ ሌላ ስቴት ሄዶ ከባድ ወንጀል ፈጸመ። ይህን ያነሣው የምርጫ ማስታወቂያ የስቴቱን ገዢና የፕሬዚዳንትነት ዕጩውን ማይክል ዱካኪስን ጎዳ። ያ ግን የቅዳሜና እሑድ ፈቃድ ነበር፤ ወርክ ሪሊስ አልነበረም። ጦሱ ግን ለሁሉም ተረፈ።

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ተጠንቶ በ1996 በወጣ ጥናት ወርክ ሪሊስ ላይ እያሉ አዲስ ወንጀል የፈጸሙት ከ5 በመቶ በታች ነበሩ። ጥናቱ አያይዞ የማይጥም ነገር ተናገረ፤ ከወጡ በኋላ ግን ከሌሎቹ ብዙም አልተሻሉም። ሚኔሶታ ላይ ቆየት ብሎ የተሠራው የተሻለ አገኘ። ሥራ ያገኙት በዙ፤ በአዲስ ወንጀል የተመለሱት አነሱ። ደንብ በመጣስ ወደ እስር የተመለሱት ግን ጨመሩ። ይህ አይገርምም። በቅርብ የሚታይ ሰው ጥፋቱም ቶሎ ይታያል።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ልክ እንደዚህ አይደለም። የሚቀርበው ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ለቀላል ጥፋት «የግዴታ ሥራ» የሚል ቅጣት አለው። ጥፋተኛው ሳይታሰር ሥራው ላይ ሆኖ ከደመወዙ እስከ ሲሶ ለመንግሥት ይቆረጣል፤ ጊዜው ከአንድ ቀን እስከ ስድስት ወር ነው። ሽመናውና የእንጨት ሥራው ግን ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አመክሮ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ቁራኛ ነበር። ባለዕዳው ከባለገንዘቡ ወይም ከጠባቂው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ገበያ ይሄዳል፣ ይለምናል፣ ዕዳውን ያሰባስባል። እስረኛ ነው፤ ግን ከተማ መሃል ይዞራል። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እዚህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረውን ጂፒኤስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዊስኮንሲንም ቢሆን ከ2020 ወዲህ አንዳንድ ካውንቲዎች የሂውበር ማደሪያቸውን ዘግተው ሰዉን በዚያ አምባር ወደ ቤቱ ልከዋል።

ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ምን እንርዳው?

መጀመሪያ ምን ማስገባት እንደሚቻል ጠይቁ፤ ሳይጠይቁ የገዙትን ይዞ መመለስ የተለመደ ነው። የሥራ ጫማ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። የአውቶቡሱን መስመር ከእሱ በፊት አንዳችሁ ሂዱበት፤ ጠዋትም ማታም፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፉለት። የእስር ቤቱን ስልክ በወረቀት ይያዝ። የራሱን ስልክ ላይፈቅዱለት ይችላሉ። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ግዙለት። ተራውን፣ ከስልክ ጋር የማይገናኘውን። አምስት ደቂቃ አስቀድማችሁ ሙሉለት።